«ሃያ አራት ሰከንድ አለፈ እኮ!» የሃይስኩልና የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ሕግ ለየቅል ነው

(ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት ቅርጫት ኳስ ለሚጫወቱ ወላጆች የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ብርድ ከቤት መውጣት ቀላል አይደለምና አመሰግናለሁ። ቡናው እስኪፈላ አንድ ገጠመኝ ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያኔ ቨርጂኒያ ነበር የምዳኘው። ከሥራ ስወጣ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለውን ሸሚዜን ለብሼ፣ ፊሽካዬን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ከአንዱ ጂም ወደ ሌላው እሄዳለሁ። የዚያን ዕለት የወንዶች ሃይስኩል ጨዋታ ነው፤ አራተኛው ኳርተር ላይ ደርሰናል። በሦስት ነጥብ የሚመራው ቡድን ኳሱን ይዞ ወዲያ ወዲህ ይቀባበላል፤ መወርወር የሚባል ነገር የለም። ከተመልካቹ መሀል አንድ አባት ብድግ አሉና በጠራ አማርኛ ጮኹ፦ «ሃያ አራት ሰከንድ አለፈ እኮ! ይሄ ሰውዬ አያይም እንዴ?»

ፊሽካ አፌ ውስጥ ስለነበር መሳቅም አልቻልኩም። ሲያልቅ መኪና ማቆሚያው ጋ ጠበቅኋቸውና «ጋሼ፣ አያለሁ፤ እዚህ ቤት ግን ሃያ አራት ሰከንድ የሚባል ነገር የለም» አልኳቸው። አማርኛዬን ሲሰሙ መግቢያ አጡ። በኋላ ስንጨዋወት ወደዚህ አገር እስኪመጡ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ ለመሥሪያ ቤታቸው ቡድን ይጫወቱ እንደነበር ነገሩኝ። ሕግ የማያውቁ ሰው አልነበሩም። የሚያውቁት ሕግ የፊባ፣ የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ነበር፤ በዚያ ሕግ ኳስ የያዘ ቡድን በሃያ አራት ሰከንድ ውስጥ መወርወር አለበት። ልጃቸው የሚጫወተው ደግሞ በሌላ ሕግ ነው።

የኛ ሰው ነገር ይሄው ነው። ጨዋታውን አገር ቤት የተማረ በፊባ ሕግ ያስባል። ኤንቢኤ እያየ ያደገ በኤንቢኤ ይፈርዳል። ማርች ሲመጣ ደግሞ ሁላችንም የኮሌጅ ጨዋታ ፊት ተደቅነን እናመሻለን። ልጆቻችን ግን የሚዳኙት በአራተኛ መጽሐፍ ነው፤ ኤንኤፍኤችኤስ በሚባለው የሃይስኩሎች አገር አቀፍ ፌዴሬሽን ሕግ። የኮሌጁን ሕግ የሚያወጣው ኤንሲኤኤ ነው። የሚገርመው ሁለቱም ዋና መሥሪያ ቤታቸው ኢንዲያናፖሊስ ነው። አንድ ከተማ ውስጥ ተቀምጠው ሁለት መጽሐፍ ይጽፋሉ።

ጨዋታው ሲፈጠር እንዲህ አልነበረም። በዲሴምበር 1891 ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ጄምስ ኔይስሚዝ የጻፈው ሕግ 13 አንቀጽ ብቻ ነበር። (የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ኔይስሚዝ የሚያስተምርበት ቤት የወወክማ ማሠልጠኛ ነበር። አዎ፣ ታላላቆቻችሁ አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ ያነጥሩበት የነበረው የዚያው የወወክማ ማለቴ ነው። ከ13 አንቀጽ ተነስቶ እዚህ የደረሰው ጨዋታው በየሄደበት ሌላ ችግር እየገጠመው ስለሆነ፣ የዛሬ ንግግሬም ከዚያ አይርቅም። ሕጎቹ የሚለያዩት አንዱ ጥበበኛ ሌላው ሞኝ ሆኖ አይደለም። አንዱ የተጻፈው ሁለት ዳኛና አንድ አሮጌ ጂም ላለው ትምህርት ቤት ነው፤ ሌላው ቴሌቪዥን ለሚቀርጸው አዳራሽ። ደግሞ ሕግ በሕግ ላይ ተደግፎ የቆመ ስለሆነ አንዱን ስታነሱት ሌላው ይንገዳገዳል።

ከቀላሉ ልጀምር። የሃይስኩል ጨዋታ አራት ኳርተር ነው፤ እያንዳንዱ 8 ደቂቃ፣ ድምሩ 32። የኮሌጅ ወንዶች ሁለት አጋማሽ ይጫወታሉ፤ ሃያ ሃያ ደቂቃ፣ ድምሩ 40። የኮሌጅ ሴቶች ከ2015–16 ጀምሮ አራት ኳርተር፣ አሥር አሥር ደቂቃ ይጫወታሉ፤ ልክ እንደ ፊባ። እኩል ከወጡ ሃይስኩል 4 ደቂቃ ይጨመራል፣ ኮሌጅ 5። ሚኒሶታና ዊስኮንሲን ደግሞ የራሳቸው ጠባይ አላቸው፤ ሃይስኩሉን በሁለት አጋማሽ 18 18 ደቂቃ ያጫውታሉ። የሃይስኩል ሜዳ ርዝመቱ በአብዛኛው 84 ጫማ ነው፣ የኮሌጁ 94። አሥር ጫማ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። ስምንት ደቂቃና ሦስት ሜትር ሲሰሙት ምንም አይደለም። ኮሌጅ የገባ ልጃችሁ በመጀመሪያው ወር ስልክ ደውሎ «እግሬ አልታዘዝ አለኝ» ሲላችሁ ግን ከየት እንደመጣ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ ትንሽ እቆይበታለሁ፣ ታገሡኝ።

ሾት ክሎክ ማለት ኳስ የያዘው ቡድን በስንት ሰከንድ ውስጥ መወርወር እንዳለበት የሚቆጥረው ሰዓት ነው። ኤንቢኤ 24 ሰከንድ ያስገባው በ1954–55 ነው። የኮሌጅ ሴቶች በ30 ሰከንድ መጫወት የጀመሩት ከወንዶቹ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው ነው፤ ይህንን የሚያስታውስላቸው ሰው ጥቂት ነው። የኮሌጅ ወንዶች ግን ለረጅም ጊዜ ያለ ሰዓት ተጫወቱ። ያለ ሰዓት ሲሆን ምን እንደሚመጣ ማየት የፈለገ የ1982ን የኤሲሲ (የአትላንቲክ ጠረፍ ኮሌጆች ሊግ) ፍጻሜ ያስታውስ። ማርች 7፣ ግሪንስቦሮ፣ ኖርዝ ካሮላይና ከቨርጂኒያ። በአንድ ወገን ጄምስ ዎርዚና ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ የነበረው ማይክል ጆርዳን፤ በሌላው ወገን ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 የሆነው ራልፍ ሳምፕሰን። እንዲህ ያለ ድግስ ተደግሶ፣ በስተመጨረሻ የኖርዝ ካሮላይናው አሰልጣኝ ዲን ስሚዝ በጠባብ ብልጫ ሲመሩ አራቱን ልጆች በአራቱ ማዕዘን በትነው፣ አምስተኛው መሀል ላይ ኳስ እያነጠረ ደቂቃው እንዲያልቅ አደረጉ። 47 ለ 45 አለቀ። ጆርዳን ያለበት ቡድን ኳስ ይዞ ሲቆም ሰው ተቀምጦ ያያል፤ ሕግ የጣሰ ማንም የለም። ሳምፕሰንም ቁመቱ የሚጠቅመው ኳስ ወደ ቅርጫት ስትሄድ ነው፤ ካልሄደች ምን ያድርግ?

ከዚያ ብዙም አልቆየም። በ1985–86 ኤንሲኤኤ ለወንዶቹ 45 ሰከንድ አስገባ፤ በ1993–94 ወደ 35 አወረደው፤ በ2015–16 ወደ 30። እስከዛሬ 30 ነው።

ሃይስኩልስ? አገር አቀፉ መጽሐፍ ስቴቶች ከፈለጉ 35 ሰከንድ እንዲጠቀሙ የፈቀደው ከ2022–23 ጀምሮ ነው። ልብ በሉ፣ ፈቀደ እንጂ አላዘዘም። ከዚያ በፊት በራሳቸው ውሳኔ ሰዓት ይጠቀሙ የነበሩት ስምንት ስቴቶች ናቸው፤ የኛዋ ሜሪላንድ አንዷ ነበረች። ኒው ዮርክ፣ ካሊፎርኒያ፣ ማሳቹሴትስም ነበሩበት። ቨርጂኒያ አልነበረችም። ፖቶማክን በድልድይ ስትሻገሩ ጨዋታው ራሱ ይቀየር ነበር ማለት ነው። እኚያ አባት የጮኹት ከወንዙ ማዶ ነው፤ በወዲህኛው በኩል ቢሆን ቢያንስ ግድግዳው ላይ የሚቆጥር ሰዓት ያገኙ ነበር።

የ1982ቱ ነገር ታሪክ ሆኖ የቀረ እንዳይመስላችሁ። በ2022 ኦክላሆማ ውስጥ አንድ የወንዶች ሃይስኩል ጨዋታ 4 ለ 2 አልቋል። የእግር ኳስ ውጤት አልነገርኳችሁም፤ 32 ደቂቃ የፈጀ ቅርጫት ኳስ ነው።

«ታዲያ ለምን ሁሉም ሰዓት አያስገባም?» ትሉኝ ይሆናል። መሣሪያው ገንዘብ ይፈልጋል፤ ግን ገንዘቡ ቀላሉ ነው። ከባዱ ሰው ነው። የሃይስኩል የሰዓት ጠረጴዛ ላይ ማን እንደሚቀመጥ አይታችኋል? የሂሳብ አስተማሪው፣ ጡረታ የወጡ አንድ አያት፣ ስልኩን የሚነካካ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ኳሱ የቅርጫቱን ብረት ሲነካ ሰዓቱን መመለስ፣ ካልነካ አለመመለስ፣ ፋውል ሲነፋ ማቆም፣ ይህ ሁሉ በዓይን ጥቅሻ መወሰን አለበት። አንድ ጊዜ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ልጅ ኳሱ ብረቱን ሳይነካ ሰዓቱን መለሰውና ጨዋታውን አቁመን ስንት ሰከንድ እንደቀረ ስንከራከር ከጨዋታው የበለጠ ጊዜ ወሰደብን ብል ማጋነን አይሆንም። ሌላም ምክንያት አለ፤ የትናንሽ ትምህርት ቤት አሰልጣኞች ሰዓቱን አይወዱትም። አምስት ረጃጅም ልጆች ያሉት ቡድን ሲመጣባቸው ኳስ መያዝ የዳዊት ወንጭፋቸው ነው፤ ወንጭፉን ቀምታችሁ ከጎልያድ ጋር ታገሉ ነው የምትሉን ይላሉ። እውነት አላቸው። እኔ ግን ሰዓቱ ይግባ ባይ ነኝ። ኮሌጅ የሚመኝ ልጅ ጊዜ ሊያልቅ ሰባት ሰከንድ ሲቀረው ምን እንደሚያደርግ የሚማርበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያንን አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ካምፓስ ሲደርስ ይጀምር ማለት ዋና የማያውቅን ልጅ ወንዝ ላይ መወርወር ነው።

ሕግ በሕግ ላይ ተደግፎ ይቆማል ያልኳችሁን እዚህ ጋ ላሳያችሁ።

ሃይስኩል ላይ ዳኛ ክንዱን ወደ ጎን እያወዛወዘ ሲቆጥር አይታችኋል። አንድ እናት «ምን ሆኖ ነው? ክንዱን አሞት ነው?» ብለው ጠይቀውኛል። አላመመንም። ኳስ የያዘውን ልጅ ተከላካይ በ6 ጫማ ውስጥ፣ ፊት ለፊት ሆኖ ሲጠብቀው ዳኛው አምስት ሰከንድ ይቆጥራል። ልጁ ቆሞ ይዞ አምስት ከሞላ ኳሱን ይነጠቃል። እያነጠረም አምስት ከሞላ እንዲሁ። ግን መያዙና ማንጠሩ ለየብቻ ነው የሚቆጠሩት፤ ብልጡ ልጅ አራት ሰከንድ ይዞ፣ አራት ሰከንድ አንጥሮ፣ እንደገና አራት ሰከንድ ይዞ አሥራ ሁለት ሰከንድ ይገዛል። ይህ ሕግ የድሃ ሰው ሾት ክሎክ ነው። መሣሪያ በሌለበት ጂም ኳስ ተይዞ እንዳይቀር የዳኛው ክንድ ሰዓት ሆኖ ይሠራል።

ኮሌጅ ወንዶች ላይ ይህን ጩኸት አትሰሙም። ኳስ ይዞ ለቆመ ይቆጠራል፤ ለሚያነጥር ግን አይቆጠርም። ይህ የቀረው መቼ መሰላችሁ? በ2015–16፤ ሰዓቱ ከ35 ወደ 30 በወረደበት በዚያው ዓመት። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሲጠብቅ የዳኛው ክንድ አረፈ። ልጃችሁ ኳስ ይዞ መሀል ሜዳ ላይ የሚጨፍር ከሆነ በሃይስኩል ያስቀጣዋል፤ ኮሌጅ ሲደርስ ማንም አይቆጥርበትም። ግድግዳው በሠላሳ ሰከንድ ይፈርድበታል እንጂ።

ወደ ፋውል እንሂድ። ብዙ ጩኸት የሚነሳውም እዚሁ ነው።

አንድ ተጫዋች አምስት ፋውል ከሠራ ይወጣል፤ በሁለቱም አንድ ነው። ልዩነቱ የቡድኑ ፋውል ላይ ነው። በኮሌጅ ወንዶች ቡድኑ በአንድ አጋማሽ ሰባተኛ ፋውል ሲሠራ፣ ሳይወረውር የተመታው የባላጋራ ተጫዋች ወደ ነጻ ውርወራ መስመር ይሄዳል፤ ግን «አንድና አንድ» ነው የሚባለው፤ የመጀመሪያውን ካገባ ሁለተኛ ይሰጠዋል፣ ከሳተ ኳሱ ሕያው ነው፣ ተሻሙ። ከአሥረኛው ጀምሮ ሁለት ሙሉ። ሃይስኩልም እስከቅርብ ጊዜ እንዲሁ ነበር። በ2023–24 አንድና አንድን ሰረዘው። አሁን በየኳርተሩ አምስተኛው ፋውል ላይ በቀጥታ ሁለት ውርወራ ነው፤ ኳርተር ሲያልቅ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል። የኮሌጅ ሴቶችም በዚሁ ዓይነት ነው የሚጫወቱት። ፌዴሬሽኑ ከሰጣቸው ምክንያቶች አንዱ ጉዳት ነው፤ ሪባውንድ፣ ማለትም ተስታ የተመለሰችውን ኳስ፣ ለመሻማት ሲገፋፉ ልጆች ይጎዳሉ፣ አንድና አንድ ደግሞ ያንን ሽሚያ ያበዛዋል።

ባለፈው ዓመት የእኔው ልጅ ጨዋታ ላይ ሆንኩና (የዚያን ቀን ዳኛ አይደለሁም፣ አባት ነኝ) ይህ ሕግ ምን እንደሚሠራ በዓይኔ አየሁ። እኛ በአራት ነጥብ ተበልጠናል፣ 40 ሰከንድ ቀርቷል። ዙሪያዬ ያለው ወላጅ ሁሉ «ፋውል! ፋውል አድርጉ!» ይጮሃል። በቴሌቪዥን እንዳየነው ማለት ነው፤ ፋውል ሠርተህ ባላጋራህን ወደ መስመር ትልካለህ፣ ይስታል፣ ኳሱን ታገኛለህ። ልጆቹ ሰሙን፣ ሠሩ። ዳኛው ፊሽካ ነፋና ኳሱን ለነሱ ከመስመር ውጭ ሰጣቸው። ነጻ ውርወራ የለም! በዚያ ኳርተር የነበረን የቡድን ፋውል አንድ ብቻ ነበራ፤ ያሁኑ ሁለተኛ ነው። 34 ሰከንድ። ደግሞ ሠሩ፤ ሦስተኛ። 29። ደግሞ፤ አራተኛ። 22። አምስተኛው ላይ ስንደርስ 15 ሰከንድ ቀርቶ ነበር፤ ልጁም ሁለቱን በእርጋታ አገባቸው። ጎኔ የተቀመጠው ሰው ዳኛውን ሰደበ። እኔ ግን የተናደድኩት በራሳችን ነው። ፋውል እንደ በርበሬ ቀድሞ ተደቁሶ የሚቀመጥ ነገር ሆኗል፤ ወጡ ሊወርድ ሲል መደቆስ ብትጀምሩ አይደርስም። ጨዋ ሆኖ ሰባት ደቂቃ የተጫወተ ቡድን በስምንተኛው ይቸገራል።

የቅርጫቱ ሥር ያለችውን ግማሽ ክብ አጭር አድርጌ ልለፈው። ኮሌጅ ላይ ከቅርጫቱ መሀል አራት ጫማ ርቃ የተሰመረች ቅስት አለች፤ ለእርዳታ የመጣ ተከላካይ እዚያ ውስጥ ቆሞ «ገጨኝ» ብሎ ቢወድቅ አጥቂው ላይ ፋውል አይነፋም። ሃይስኩል ላይ ይህች ቅስት የለችም። ቀድሞ ቦታውን ይዞ ከቆመ ከመረቡ ሥርም ቢሆን መብቱ ነው። «ቀድሞ» ሲባል ከመቼ በፊት እንደሆነም ይለያል። ሃይስኩል አጥቂው ከመሬት ከመነሳቱ በፊት መድረስ በቂ ነው፤ ኮሌጅ ወንዶች ላይ ከ2023–24 ወዲህ አጥቂው ሊዘል የመጨረሻ እግሩን ሲተክል ተከላካዩ ቦታው ላይ መገኘት አለበት። በግማሽ እርምጃ የሚለያይ ፍርድ ነው። ስለዚህ ማርች ላይ ቴሌቪዥን እያያችሁ «ይሄማ የተከላካይ ጥፋት ነው» ያላችሁትን ጂም ውስጥ እኔ ላይ አትጩሁብኝ።

ቴሌቪዥን ካልኩ አይቀር፣ ኮሌጅ ዳኛ ሄዶ ምስል ማየት ይችላል፤ ከ2025–26 ዘመን ጀምሮ የወንዶቹም አሰልጣኝ በተወሰኑ ፍርዶች ላይ «እንደገና ይታይልኝ» ማለት ተፈቅዶለታል። ሃይስኩል ላይ፣ ስቴቱ ለፍጻሜ ጨዋታዎቹ ካልፈቀደ በስተቀር፣ እኔ ያየሁት ነው ያለቀው። እናት በስልኳ የቀረጸችውን ይዛ ብትመጣ ማየት ክልክል ነው። ብዙ እናቶች መጥተዋል።

አሁን ከሜዳው ውጭ ስለሚመስሉ፣ ግን ልጅ ሲያስለቅሱ ስላየኋቸው ትናንሽ ነገሮች።

የማልያ ቁጥር። አንዱ ልጅ ለሮናልዶ ብሎ 7 ቁጥር ፈለገ፤ ከለከሉት። እናቱ አድልዎ መሰላት፣ ደወለችልኝ። አድልዎ አይደለም፤ ሃይስኩል ላይ ከ5 የሚበልጥ አሃዝ ያለበት ቁጥር አይለበስም። 23 ይቻላል፣ 45 ይቻላል፣ 7 አይቻልም፣ 16ም አይቻልም። ዳኛ ፋውል ሲያስመዘግብ የተጫዋቹን ቁጥር በጣቱ ነው ለጠረጴዛው የሚያሳየው፤ በአንድ እጅ ያለን ጣት ደግሞ አምስት ነው። ኮሌጅም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ነበር፤ በ2023–24 ከ0 እስከ 99 ፈቀደ። «ልጅሽ ሰባትን ለኮሌጅ ያስቀምጠው» አልኳት።

ማሟሟቂያ ላይ ቅርጫቱን ይዞ ኳስ መሰካት። ኮሌጅ ከ2015–16 ወዲህ ይፈቀዳል። ሃይስኩል ላይ ቴክኒካል ፋውል ነው፤ ጨዋታው ሳይጀመር ለባላጋራ ነጻ ውርወራ ትሰጣላችሁ። መዝለል የቻለ ልጅ ያላችሁ ቤት ስትገቡ ንገሩት።

ከዚያ ማተብ። ይሄንን በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከጨዋታ በፊት ልጆቹን ስንፈትሽ ባልደረባዬ አንዱን ልጅ አንገቱ ላይ ያለውን እንዲያወልቅ አዘዘው። ልጁ ዝም አለ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጠይም ልጅ ነው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አላወልቅም» አለ፤ ሲያምፅ አይደለም፣ እንዲያውም ድምፁ አይሰማም። ባልደረባዬ ጌጥ መሰለው፤ ጌጥ ደግሞ ክልክል ነው። ጠጋ ብዬ ሳየው ጥቁር ክር ነው፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የእንጨት መስቀል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የሃይማኖት ምልክት እንደ ጌጥ አይቆጠርም፣ ግን ገላ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ከማልያ ሥር መሆን አለበት። ልጁን ወደ ጠረጴዛው ወስጄ ነጩን ፕላስተር ቀደድኩና መስቀሉን ደረቱ ላይ ለጠፍኩለት። በአማርኛ «አይዞህ፣ አይነካም» ስለው ቀና ብሎ አየኝና «ሐበሻ ነህ እንዴ?» አለኝ፤ አንቱታውን ረስቶት። ከዚያ ወዲህ ቦርሳዬ ውስጥ ፕላስተር ጠፍቶ አያውቅም።

ሂጃብም እንዲሁ ነው። በ2017 እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ አንዲት ተማሪ ከስቴቱ የፈቃድ ደብዳቤ የለሽም ተብላ ከትልቅ ጨዋታ ውጭ ተቀምጣለች፤ ዓመቱን ሙሉ ስትጫወት ማንም ሳይጠይቃት ቆይቶ። አሁን ለሃይማኖት የሚደረግ የራስ መሸፈኛ ቅድመ ፈቃድ አያስፈልገውም። የዛሬ ዳኛ ደብዳቤ ከጠየቃችሁ የድሮውን መጽሐፍ ነው የያዘው።

አንድ የወረቀት ጉዳይ ጨምሬ ወደ ጥያቄ ልሂድ። በብዙ ስቴቶች የትምህርት ዓመቱ ሲጀምር 19 ዓመት የሞላው ልጅ ለሃይስኩል ቡድን መጫወት አይችልም። ልጁ አገር ቤት ተወልዶ የመጣ ከሆነ የልደት ወረቀቱን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ እዩት። የኛ ዓመተ ምሕረት ሳይቀየር ተገልብጦ ከሆነ ልጃችሁ በወረቀት ሰባት ስምንት ዓመት አርጅቷል። ኮሌጁ ደግሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው። በኤንሲኤኤ የመጀመሪያው ዲቪዚዮን ለመጫወት 16 ዋና ዋና ኮርሶች፣ በእነሱም ቢያንስ 2.3 አማካይ ውጤት ያስፈልጋል፤ ከ16ቱ 10 የሚሆኑት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከመጀመሩ በፊት ማለቅ አለባቸው። አሥረኛ ክፍል ላይ ሂሳብ የወደቀ ልጅ ሦስት ነጥብ በማግባት አያካክሰውም።

ቡናው ደርሷል መሰለኝ። ጥያቄ ካለ...

(ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት፦ «ልጄ ከሦስት ነጥብ መስመር ላይ አይስትም። ኮሌጅም እንዲሁ ይሆንለታል?»)

እትዬ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። የሃይስኩሉ መስመር ከቅርጫቱ 19 ጫማ ከ9 ኢንች ነው። የኮሌጁ 22 ጫማ ከአንድ ኢንች ከሦስት ሩብ፤ ወንዶቹ ከ2019–20፣ ሴቶቹ ከ2021–22 ጀምሮ። ልዩነቱ በሜትር ስንለካው ሰባ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ በኛ ክንድ አንድ ተኩል አይሞላም። እንዲህ ያድርጉ። ሜትርና ጠመኔ ይዛችሁ ሰፈር ያለው ሜዳ ሂዱ። አሮጌው መስመር ላይ ቆማችሁ ወደ ኋላ ሰባ ሦስት ሳንቲ ለኩና አስምሩ። መጀመሪያ ሜዳውን አሥር ጊዜ ያመላልሱት፤ ልቡ ይምታ። ከዚያ ከጠመኔው ኋላ ሆኖ ሃምሳ ይወርውር፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ይቁጠሩ። ስንት እንዳገባ እሑድ ይደውሉልኝ፤ ያኔ እናወራለን።